የሚሸጥ ላፕቶፕ የለንም

ለወንድሜ ለበዛብህ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? የጅግጅጋን ፀሐይ ለመድካት? ወገብህን ያምህ የነበረውስ ተሻለህ? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን፤ የእንጦጦ ብርድ ብቻ ጠዋት ጠዋት ጣት ይቆርጣል።

ስልክ ላይ ታውቀኛለህ፤ እማዬ ስታቀብለኝ “እሺ” ከማለት በቀር ቃል አይወጣኝም። ላፕቶፑን ለኮምፒውተር ጠጋኙ ለሬድዋን ሽጡለት ስትልም ያው “እሺ” አልኩ። አሁን እሺታዬን መልሼ ወስጃለሁ። አይሸጥም።

እውነት ነው፣ አበላሽቼው ነበር። ላፕቶፑ ላይ ጭነህ ትተኸው የሄድከው ሊኑክስ ሲከፈት ዕድሜ ይፈጃል። ስለዚህ ከርነሉን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከዕቃዎቹ ሁሉ ጋር የሚያገናኘውን ዋናውን ፕሮግራም፣ በልኩ ልሠራለት ተነሣሁ። ከስልኬ ላይ መመሪያ እያነበብኩ፣ መብራት ሁለቴ ጠፍቶብኝ በማግስቱ አለቀ። ቶሎ ተከፈተ! ዋይፋዩ ግን ድራሹ ጠፋ።

ቀጨኔ ሬድዋን ሱቅ ወሰድኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ “የኔ እመቤት፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ከርነል ይነካል? ይሄ አስከሬን ነው፤ ለመለዋወጫ ልውሰድልሽ” አለኝ። ደንበኞቹ ሳቁ። መሬት መሬት እያየሁ ወጣሁ። እማዬም እስከ መድኃኔ ዓለም ካልሠራ ይሂድ ብላ ቆረጠች።

አሮጌውን ከርነል ግን አላጠፋሁትም ነበር። በእሱ ስከፍተው ዋይፋዩ ይሠራል፤ በእኔው ስከፍተው የለም። ታዲያ ምኑ ነው አስከሬን? ድራይቨር የሚባሉትን የየዕቃውን ማዘዣ ፕሮግራሞች ስጭን ሳነሣ ስንት ቀን ለፋሁ። በኋላ ትዝ አለኝ። ላፕቶፑ ላይ ተሰክታ ዋይፋይ የምትቀበለዋን ትንሽ ዕቃ ከጎረቤታችን ከእትዬ ሠርካዲስ ቤት ጋር በተራ ነው የምንጠቀምባት፤ እኔ ሥራውን የጀመርኩት ማክሰኞ፣ በእነሱ ተራ። ኮምፒውተሩን “አሁን የምትሠራበትን ድራይቨር ብቻ አስቀር” ስለው፣ በዕለቱ ያልተሰካችውን ከነጭራሹ የለችም ብሎ ዘለላት።

ትናንት በእኛ ተራ ሰክቻት የድራይቨሮቹን ዝርዝር እንደ አዲስ አስወጣሁ፤ ከርነሉንም ደግሜ ሠራሁት። ዋይፋዩ መጣ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሬድዋን ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ አስቀመጥኩለት። ብዙ አየውና “ማን ሠራልሽ?” አለኝ። “እኔ” አልኩት፣ ደንበኞቹ እስኪሰሙ። ላፕቶፑንም አቅፌ ቀና ብዬ ወጣሁ።

እማዬ ሳሚልኝ ብላለች፤ የመሸጡን ነገር ከእንግዲህ አታነሣም። እትዬ ሠርካዲስ በርታ ብለውሃል፣ የማክሰኞ ተራቸውን ግን አልለቅም ብለዋል። ትንሿን እህታችንን ኢየሩን ሰላምታሽን ራስሽ ጻፊለት ብላት፣ ከላፕቶፑ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል “ሥራ ላይ ናት በይው” አለችኝ።

ከእንግዲህ ዝም ብላ እሺ የማትልህ እህትህ
ጽጌረዳ

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.