ሁለት ሰው ተብለው የተቆጠሩት የሕፃናት ቀዶ ሐኪም የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከቧንቧ ሠራተኛው አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው በ1963 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታላቅ እህታቸው ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እሳቸውን ለማዘል ስለሆነ፣ ስሕተት ካለ ተጠያቂው እሳቸው ናቸው።

እስከ ሁለተኛ ደረጃ በሰፈራችን ተምረው በ1981 ዓ.ም. ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። በ1994 ዓ.ም. ከማደንዘዣ ነርሷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። በ1996 ዓ.ም. የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ሆኑ። የምግብ ቧንቧው ከሆዱ ሳይገናኝ የሚወለድ ሕፃን አለ፤ ጠብታ ወተት አይወርድለትም። እሳቸው ያንን ሰፍተው ያገናኙ ነበር። አባታችን «ሥራው የኔው ነው፤ የሱ ቧንቧ ያለቅሳል እንጂ» ይሉ ነበር።

የስፌታቸውን ዘዴ በሠላሳ አንድ ጽሑፍ አስፍረዋል። የመጀመሪያዎቹን የተየበችላቸው ጸሐፊ ስማቸውን በፈረንጅ ፊደል በአንድ ኤስ ጻፈችው፤ እሳቸው በኋላ በሁለት ኤስ አስተካከሉት። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። በ2009 ዓ.ም. ለሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ የማዕረግ ኮሚቴ ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ሲያመለክቱ፣ ሥራዎ በሌሎች ሐኪሞች ጽሑፍ ቢያንስ ሦስት መቶ ጊዜ መጠቀስ አለበት ተባሉ። የሚቆጥረው ማሽን ግን ሁለት ሰው አድርጓቸው ኖሯል። ባለ አንድ ኤሱ መቶ አርባ፣ ባለ ሁለቱ መቶ ሰባ። ሁለቱም ወደቁ። ሲደመር ሦስት መቶ አሥር መሆኑን በአራተኛ ክፍል ትምህርቴ እኔም አውቀዋለሁ።

አንድ ሰው ነኝ ብለው ቢጽፉ፣ «የሁለተኛው ተመራማሪ ስምምነት በጽሑፍ ይቅረብ» አሏቸው። ምን ያድርጉ፣ ሁለት ቦታ ፈረሙ። «ፊርማዎቹ ስለተመሳሰሉ ይጣራ» ተብሎ ተመለሰ። ሲጣራ ስምንት ዓመት ሞላው። ከቀዶ ክፍል ወጥተው እጃቸው ሳይደርቅ ደብዳቤ ሲጽፉ አይቻለሁ። ነገሩ ሲያወሩት ያስቃል፤ ቁጭ ብሎ ላየው ግን አንጀት ያቃጥላል።

ባለፈው ወር እሳቸው አልጋ ላይ ሳሉ እኔው ኮሚቴው ቢሮ ሄድኩ። ጉዳዩን የያዘው ሰውዬ «እትዬ፣ እኛ ምን እናድርግ፣ ሲስተሙ ነው» አለኝ። «ጥራውና ላናግረው» አልኩት። ቢሮው በሙሉ ሳቀ፤ ወረቀቱ ግን እዚያው ቀረ። ተመልሼ ብነግራቸው ወንድሜ «እታለም፣ ተያቸው። የሰፋኋቸው ልጆች እንደሁ እየዋጡ ነው» አሉኝ። እሳቸው ይተዉ፤ እኔ አልተውኩም።

ወንድማችን በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ54 ዓመታቸው ዐረፉ። ከስማቸው ፊት ፕሮፌሰር ብዬ እንዳላጽፍ ቢሮው ደውሎ አስጠንቅቆኛል። አልጻፍኩም። የኮሚቴው ሰዎች ግን መጥታችኋልና ቀርባችሁ እዩልኝ፤ አስከሬኑ አንድ ነው።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳይከፋፍል ይቀበልልን።