ዘይት የተከለከለው በር

ለውድ እህቴ ለየሺመቤት፣

እታለም፣ እንዴት ሰንብተሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ውኃ ስትቀጂ ያጎብጥሻል? እማማስ እንዴት ናት? ዓይኗ ብሶባት ከሆነ ሳትደብቂ ጻፊልኝ። እኔ በጤና በኩል ክፉ አልነካኝም፤ ናፍቆታችሁ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል። ገዳሪፍ ዝናቡ ገና አልጣለም። ከሰዓት በኋላ ሀቡብ የሚሉት ነፋስ ይነሳና አቧራው ከተማውን ይውጠዋል። ለእኔ ሥራ የሚያመጣልኝም ያው አቧራ ነው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ የምደውልልሽ አሊ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስለሆነ ነው። አማርኛ ከእኔ እኩል ይሰማል።

አስቀድሜ ውሸቴን ላውጣ። የራሴን ሱቅ ከፍቻለሁ ያልኩሽ ሐሰት ነው። ሱቁ የአሊ ነው፤ እኔ የበርና የመስኮት ጠጋኙ ነኝ። እዚህ ቢጣቃ የሚሉት መታወቂያዬም በእሱ መሳቢያ ተቆልፎበታል። እንደ ልጄ ነህ፣ እኔ ዘንድ ይሻልሃል ይለኛል። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ሊያፍስ ሲወጣ ቢጣቃዬን አውጥቶ የሚያሳይልኝ እሱ ነው፤ ሲያልፍ መልሶ ይቆልፍበታል። ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነ። እስረኛ ነኝ እንዳልል ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባለሁ፤ ነጻ ነኝ እንዳልል ድንበሩ ላይ ገላባት ድረስ እንኳ መሄድ አልችልም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ቤት ተላክሁ። ወደ በረንዳ የሚያስወጣው የመስታወት በር አልንሸራተት ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ በር ሲይዝ ሰው ሁሉ በጉልበት ይገፋዋል፤ ጥፋቱ ያለው ግን ከታች፣ ጎማዎቹ በሚሄዱበት ቦይ ውስጥ ነው። አቧራውን በብሩሽ ጠርጌ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ፣ ሲደርቅ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አደረግሁለት። በአንድ ጣት የሚሄድ ሆነ። የመስኮቶቹንም መቀርቀሪያ ሁሉ እንዲሁ አደረግሁ። የቤቱ እመቤት ኢንቲሳር ደስ አላትና ሻይ አስቀረበችልኝ። ወደ ጓዳው የኋላ በር ስሄድ ግን ከለከለችኝ። እሱን ተወው፣ ይጩህ አለችኝ።

በሩ ልብስ ወደሚሰጣበት ግቢ ያስወጣል፤ ከዚያ ወደ መንገድ አንድ የቆርቆሮ በር ብቻ ነው ያለው፣ እሱም መወርወሪያው ከውስጥ ነው። ማጠፊያዎቹን ጎንበስ ብዬ ሳይ ጥቁር ነገር እንደ ሙጫ ጋግሮባቸዋል። በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሸተትሁት፤ የሰሊጥ ዘይት ነው። የወጥ ቤት ዘይት ማጠፊያ ላይ ሲያፈሱት አቧራውን ይሰበስብና ጩኸቱን ያባብሰዋል። ይህን በሩን ዝም ሊያሰኝ የፈለገ፣ ሥራውን የማያውቅ ሰው እንዳደረገው ወዲያው ገባኝ።

ሻዩን ያቀረበችልኝ ልጅ ቆማ ታየኝ ነበር። ኋላ እንደነገረችኝ ጣይቱ ትባላለች፤ የጭልጋ ልጅ ናት። ደላላ ከመተማ አምጥቶ ሰጥቷቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ከግቢው አልወጣችም። ሲወጡ ከውጭ ይቆልፉባታል። ሲኖሩ ደግሞ በሩ በጮኸ ቁጥር ኢንቲሳር ከመኝታዋ ስሟን ትጣራለች። ልጅቷ በሹክሹክታ፣ ወንድሜ፣ አንድ ጠብታ ብቻ አለችኝ።

አልሰጠኋትም፣ እታለም። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ቢታወቅ አሊ ቢጣቃዬን ቀዶ ለፖሊስ ይሰጠኛል ብዬ ፈራሁ። ለካ እዚህ አገር ስኖር የተማርኩት ፍርሃት ብቻ ነው!

በማግስቱ አንድ የመስኮት ጎማ ለመቀየር ተመልሼ ሄድኩ። ቀትር ላይ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ነበር። ሙጫውን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ሁለቱንም ማጠፊያ ዘይት አጠጣሁ። ከፍቼ ብዘጋው ድምፅ የለውም። የአይከሉን ቤታችሁን አድራሻ በሲጋራ ካርቶን ላይ ጽፌ ሰጠኋት። አመሰግናለሁ እንኳ አላለችኝም፤ ከመተማ አይከል በመኪና ስንት ሰዓት ነው ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ይኸው ስድስተኛ ቀኔ ነው። ከዚያ ቤት የመጣ ሰው የለም። በዚያ መንገድ ሳልፍ ቀና ብዬ ማየት አልደፍርም። ወጥታ እንደሆነ፣ ፈርታ እንደቀረች ወይም መንገድ ላይ ተይዛ እንደሆነ የማውቀው ነገር የለም። ሱቁ በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ዕቃ የምፈልግ መስዬ ወደ ጓሮ እገባለሁ። ለእሷ የከፈትኩትን ለራሴ አልቻልኩበትም።

ከመጣች አስገቧት። እህል አቅምሷትና ትተኛ፤ ስለ እኔ ሱቅም እውነቱን ብትነግራችሁ አትደንግጡ። ደብዳቤውን የያዘልሽ ፊሊጶስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መልስሽን ለእሱ በእጁ ስጭው።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ዳምጤን፣ ከነኩርፊያው ናፍቆኛል በይልኝ። ልጅሽን ብፅአትን፣ ሦስተኛ ክፍል መግባቷን ሰምቼ እንደ ሞኝ ብቻዬን መሳቄን ንገሪያት። ጣይቱንም፣ ይህ ሲነበብ አጠገባችሁ ካለች፣ ሰላም በሉልኝ። ከሌለች ደግሞ፣ እታለም፣ አንቺም በተራሽ ዋሽኝ፤ ደርሳለች ብለሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ጋረደው
ገዳሪፍ፣ ግንቦት 27 ቀን 2001 ዓ.ም.