እናትሽ ሐይቁ ዳር ቀሩ

ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ሻዬ ቀዘቀዘ። «ውድ ባለቤቴ» እንዳልል ማኅተም ያረፈበት የፍቺ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አለ። በስምሽ ብቻ ልጥራሽ ብል ደግሞ የውሃ ቆጣሪ ማስጠንቀቂያ መሰለብኝ። እንግዲህ ይድረስ ለአንቺ፣ ለእናትሽ አንድ ልጅ።

እንደምን ከረምሽ? ያ የግራ ትከሻሽ ተሻለሽ ወይ? የላቦራቶሪው ሥራ፣ አዲሱ ቤት፣ ጎረቤቶችሽስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ከስተሃል ይሉኛል፣ ፀሐዩም አጥቁሮኛል።

እናትሽ ደህና ናቸው። ከእኔም ከአንቺም ይሻላሉ። ይህን ያስቀደምኩት ወደ ታች ስትወርጂ ልብሽ እንዳይደነግጥ ነው። ያሉበት ቦታ ኔትወርክ ስለማይደርስ ስልካቸው አልሠራ ብሎሽ ተጨንቀሽ እንደነበር ጎረቤታቸው ነግራኛለች። ቤታቸው ተቆልፏል፤ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። እናትሽን ይዤ ወጥቼ ብቻዬን ተመልሻለሁ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ላጫውትሽ፤ ስትጨርሺ ትቆጪኛለሽ።

ከወር በፊት አንድ እሑድ ጠዋት ደወሉልኝ። ከተለያየን ወዲህ አልፎ አልፎ ይደውላሉ፤ ወይ አምፖል ተቃጥሎ ነው፣ ወይ በር አልዘጋ ብሎ። የዚያን ዕለት ግን መኪናህ ረጅም መንገድ ይችላል ወይ አሉኝ። ይችላል አልኳቸው። አንተስ አሉኝ።

ጡረታ ከወጡ ሦስተኛ ወራቸው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ጣቴ ያልደረሰበት ምድር የለም አሉኝ፤ በካርታ ላይ ተራራ ወጥቻለሁ፣ ወንዝ ተሻግሬያለሁ፤ እግሬ ግን ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ነው። መጀመሪያ የአባትሽ ሕመም ከቤት አሰራቸው፣ ከዚያ አንቺን ብቻቸውን ማሳደግ፣ ከዚያ ፈተና ማረም። አሁን ሲያስተምሩት የኖሩትን ደን፣ ዋሻና ሐይቅ በዓይናቸው ማየት አማራቸው። ለምን አንቺን እንዳልጠየቁ ጠየቅኳቸው። እሷማ አንድ ዓይነት ቆብ አስደፍታ ከሽማግሌዎች ጋር አውቶቡስ ላይ ትጭነኛለች አሉ። አትቆጪ፤ እውነታቸውን ነው።

የአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። አዎ፣ እኔ። የሊፍት ጥገና ኃላፊዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሊፍቶቹ ካለአንተ ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ሂድ አለኝ። ይህን ቃል ከሁለት ዓመት በፊት ከአንቺ ሰምቼው እንደነበር ትዝ አለኝ።

የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ብርቱካንና በቴርሞስ ሻይ ይዘን ወጣን። እናትሽ ከፊት ተቀምጠው የትምህርት ቤቱን አሮጌ ካርታ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። የስልኬ ካርታ ውስጥ ያለችው ሴት ወደ ቀኝ ታጠፍ ባለች ቁጥር፣ ይቺን ልጅ ማን ነው ያስተማራት ይላሉ። ሁለት ጊዜ ተሳስታ እሳቸው ልክ ሆኑ። አንድ ጊዜ ደግሞ እሳቸው ተሳስተው መንገዱን ወቀሱት፤ እኔ ካየሁት ወዲህ ቦታውን ቀይሯል አሉ።

መጀመሪያ የደረስነው ደኑ ጋ ነው። በር ላይ ያለችው ተቆጣጣሪ ስማችንን ስትመዘግብ ምንህ ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ቃል ስፈልግ እናትሽ ቀድመው ልጄ ነው አሏት። ውስጥ ስንገባ ጭጋጉ ከዛፎቹ ወገብ በታች ተኝቷል፤ ግንዶቹ መሬት የነኩ አይመስሉም፣ የተንጠለጠሉ ነው የሚመስሉት። እግራችን ቅጠሉ ላይ ድምፅ አልነበረውም። እኔ ቀኑን ሙሉ የብረት ገመድ ሲንቋቋ የምሰማ ሰው ነኝና ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ ነበር። እናትሽ አንዱን ትልቅ ግንድ በሁለት እጃቸው ያዙና በሹክሹክታ ይቅርታ ጠየቁት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ደንን በየዓመቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ነበር አስተምሬ የምጨርሰው አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ዋሻው ገባን። አስጎብኚው የጨለማን ልክ ላሳያችሁ ብሎ መብራቱን አጠፋ። እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ አላየሁትም። ከሩቅ ውሃ ጠብ ይላል፤ አንዷ ጠብታ ከወረደች በኋላ የምትቀጥለው እስክትመጣ ዕድሜ ያልፋል። እናትሽ ክንዴን ያዙና፣ እንደው ለመሆኑ ከልጄ ጋር ምን አጣላችሁ አሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

በጨለማ ውስጥ ሰው ፊቱን የሚያስተካክልበት ምክንያት የለውም። አልተጣላንም አልኳቸው። በሌላ ከተማ ሥራውን ያገኘሽ ዕለት ሊፍቶቹን ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ እንዳልኩሽ ነገርኳቸው፤ ውሸት እንደነበርም ጨመርኩ። ፈርቼ ነው። በዚህ ከተማ እያንዳንዱ የሕንፃ ዘበኛ በስሜ ይጠራኛል። እዚያ ግን የእሷ ባል ብቻ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። አሁን እንግዲህ እሱም አይደለሁም። እናትሽ ክንዴን ጠበቅ አደረጉት። መብራቱ ሲበራ አስጎብኚው አንደኛውን ዓምድ እያሳየን ነበር፤ እኔ ምንም አልሰማሁም።

ከዋሻው ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ነጭ ሜዳ ያቋርጣል። ዛፍ የለው፣ ቤት የለው፤ ሰማዩና መሬቱ የት እንደሚገናኙ አይታይም። አራት ሰዓት ሙሉ ነዳሁና ከቦታዬ የተንቀሳቀስኩ አልመሰለኝም። እናትሽ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሩቅ ላይ ግመል የሚመስል ነገር አየሁና ስንቀርበው ደመና ሆነ። አንድ ጊዜ አንቺ ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ብርቱካን የምትልጪ መስሎኝ በመስታወቱ አየሁ። ጠረኑ መጥቶልኝ ነበር፤ ለካ እናትሽ ነቅተው እየላጡ ነው።

ሜዳው ሲያልቅ ነዳጅ ማደያ ላይ አስቆሙኝና ቦርሳቸውን ይዘው ገቡ። ሲወጡ ያን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ለምረቃሽ የገዙትን። ፀጉሬ እንዴት ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ ሐይቁ ፀጉር ይመለከታል እንዴ አልኩ። ያኔ ነው የነገሩኝ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሽ፣ በእናትሽ እጅ ስትማሪ፣ ሐይቅ ይተኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሽ ነበር፤ ታስታውሺያለሽ? እናትሽ መልስ አጥተው ጥያቄሽን ለሐይቁ ጠባቂ በደብዳቤ ላኩት። ጠባቂው የውሃውን ከፍታ በየቀኑ እየለኩ የሚመዘግቡ ሰው ናቸው። መልሱን በእርሳስ ጽፈው ላኩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከክፍሉ አንድ ጥያቄ ይመረጣል፣ ይላካል፣ ይመለሳል። ሃያ ስድስት ዓመት! ሁልጊዜም ስለ ውሃ ብቻ፤ ዘንድሮ ሐይቁ አንድ ስንዝር ወረደ፣ ዘንድሮ ወፎቹ ዘገዩ። የመጨረሻው ደብዳቤ ግን ጥያቄ ሳይላክ የመጣ ነው። ጡረታ መውጣትዎን ሰማሁ፣ ቢመቸዎት ሐይቁን ይዩት ይላል።

ስንደርስ ሽማግሌው ጠባቂ ከጀልባ መቆሚያው እንጨት ላይ ኮታቸውን ቆልፈው ቆመው ነበር። ቁመታቸው እናትሽ ትከሻ ላይ ነው የሚደርሰው። ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እንዴት ነዎት፣ እንዴት ነዎት ሲባባሉ ምሳ ሰዓት ደረሰ ብልሽ አጋነንክ አትበዪ። ከዚያ ጠባቂው፣ ደብዳቤዬን በቀይ እስክሪብቶ አርመው መልሰው የላኩልኝ እርስዎ ነዎት አይደል አሏቸው። እናትሽ እንደ ተማሪ አቀረቀሩ። ስድስት የፊደል ስህተት ነበረው አሉ በለሆሳስ። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ።

ያቺ ሐይቅ ይተኛል ወይ ያለችው ልጅ የት ደረሰች ብለው ጠየቁ። ልጄ ናት፣ ይኼ ደግሞ ባሏ ነው አሉ እናትሽ። ነበር አላሉም። እኔም አላረምኳቸውም። ጠባቂው ያኔ አይተኛም ብዬ መልሼላት ነበር፣ ወጣት ነበርኩ አሉኝ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲቆም ይተኛል፤ ንገራት አሉኝ። በማግስቱ አብረን ተቀምጠን አየነው። ውሃው እንደ መስታወት ሆነ፤ ተራራው ተገልብጦ ገባበት፤ አንድ ወፍ በሰማይ ትብረር በውሃ ውስጥ መለየት አቃተኝ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር።

ሦስት ቀን በእንግዳ ማረፊያው አደርን። በአራተኛው ጠዋት ዕቃዬን ስጭን እናትሽ ባዶ እጃቸውን መጡ። እኔ እዚህ እቆያለሁ አሉኝ። እስከ መቼ አልኳቸው። እንጃ አሉ፤ እንጃ ማለት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። የማረፊያው ኃላፊ ውሃው ዳር ያለውን ክፍል ልትሰጣቸው ተስማምታለች፤ የጠባቂው ዓይን እየደከመ ስለሆነ መለኪያውን አንባቢ እሳቸው ይሆናሉ። ሰው ምን ይላል ብል፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ልጅ አስተምሬያለሁ፣ ምን እንደሚል አውቃለሁ አሉኝ። ለልጅዎ ምን ልበላት አልኩ። እውነቱን ንገራት፣ እኔ ብነግራት ትቆጣኛለች፣ አንተን መቆጣት ግን ለምዳለች አሉ። ጠባቂው ርቀው ጀልባ የሚወለውሉ መስለው ያችኑ አንዲት ቦታ ደጋግመው ያሻሉ።

የዚያን ቀን ጉዞዬን ትቼ ክፍሉን ፈተሽኩት፣ ለአንቺ ስነግርሽ አፌን ሞልቼ እንድናገር። ጣሪያው አያፈስም። የበሩ ቁልፍ ይሠራል። የደረጃው መደገፊያ ይነቃነቅ ነበር፤ ብሎኑን ቀይሬ አጥብቄዋለሁ። ምድጃውን ሁለት ጊዜ አስነሳሁ። ጠባቂውንም በዓይኔ ፈተሽኳቸው፤ የሚጠብቅ ብሎን አላገኘሁባቸውም። ስሰናበታቸው እናትሽ ግንባሬን ሳሙኝና፣ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ግን ንዳ አሉኝ።

ነጩን ሜዳ ብቻዬን ሳቋርጥ ስልኩን አጠፋሁት። መንገዱ አንድ ነው፤ መጥፋት አይቻልም። ከራሴ ጋር ብዙ አወራሁ፣ አንዳንዱንም ጮክ ብዬ።

እንግዲህ ይኸው ነው። አሁን ተቆጪ፤ እሰማለሁ።

እናትሽ የሚፈልጓቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ሰጥተውኛል፦ ወፍራሙ ሹራብ፣ ሁለተኛው መነጽር፣ የጠረጴዛው የዓለም ሉል። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ዓርብ ጠዋት በከተማሽ በኩል አልፋለሁ። ከሐይቁ መንገድ ጋር እንደማይገናኝ አውቃለሁ፤ አንድ የሊፍት ድርጅት ወረቀቶቼን ይዤ ለሥራ ፈተና እንድቀርብ ጠርቶኝ ነው። እዚያም ረጃጅም ሕንፃዎች አሉ አሉ። ከፈተናው በኋላ ቤትሽ ፊት ለፊት፣ የመንገዱ ማዶ፣ መኪናውን አቆማለሁ። ጡሩምባ አልነፋም፤ እናትሽን ማየት ካማረሽ የፊት ወንበሩ ባዶ ነው። ሥራ ከያዘሽ ወይም ካልፈለግሽ መጋረጃውን ሳትገልጪ ተዪው፤ ሉሉን ከፊት ወንበር ላይ በቀበቶ አስሬ እሄዳለሁ። ሞተሩን ግን አጠፋለሁ፤ የምቸኩልበት ነገር የለኝም።

ጤና ይስጥሽ፣ ትከሻሽን ይማርልሽ። የምትገቢበት ቤት ሰላም፣ የምትወጪበት መንገድ ቅን ይሁንልሽ።

እናትሽ እስከ ዛሬ ያልፈቱት አማቻቸው