ከጋቢው ሥር

ጥር 14፣ ረቡዕ። ጠዋት 1 ሰ.
ባትሪ ሞልቷል። ካሴት ሁለት ብቻ። ፍኖተ ሰላም ያለውን ፎቶ ቤቴን ዘግቼ ገጠር ወጥቻለሁ። ታፔላ ጻፊ ነበርኩ፣ የሬዲዮ ድራማ ደራሲ ነበርኩ፣ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ፤ ዛሬ ደግሞ የፊልም ዳይሬክተር! ማስታወሻዬ፣ አትሳቂብኝ። የዛሬው ቀረጻ ለቅሶ ነው። ሟች ሆነው የሚጫወቱት አያ ደሴ ናቸው፤ ገበሬ፣ ቀልደኛ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ያስተባበሩልኝ እሳቸው። የዕድሩን ጥሩምባ ነፊም ለምነን እሺ ብሎናል።

ያው ዕለት፣ 11 ሰ.
ጥሩምባው ተነፋ። አያ ደሴ ጋቢ ተሸፍነው ተጋድመዋል። ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፣ ግማሾቹ ሳቃቸውን እየዋጡ። ድንገት ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮኹ መጡ። እትዬ ጥሩ፤ የአያ ደሴ ታላቅ እህት። በአባታቸው መሬት ተጣልተው ዓመታት ተኳርፈዋል። ለማዶ ሰው ውሸት መሆኑን ማንም አልነገረም። እኔም አልነገርኩም።
ጋቢው ላይ ወደቁ። በጥምቀት አይቼህ ፊቴን ያዞርኩብህ፣ ወንድሜ፣ ምነው በቀረብኝ እያሉ አለቀሱ። ማቆም ነበረብኝ። ካሜራውን አስጠጋሁ።
በመጨረሻ አያ ደሴ ተነሡ። ሰው ሣቀ። እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን አንሥተው ተመለሱ። ቢጠሯቸው አልዞሩም።

ጥር 15
የዕድሩ ዳኛ ጠሩን። ከእንግዲህ ጥሩምባ ሲነፋ ማን አምኖ ይመጣል? አሉ። እኔ ሴትዮዋን አላወቅኋቸውም አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ገና ሲደርሱ አውቄያቸዋለሁ። አያ ደሴ ለምን ወዲያው እንዳልተነሡ ተጠየቁ። አቀረቀሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። ዝም አልኩ!

ጥር 17፣ ቡሬ
ፊልሙን የሚያቀናብርልኝ ጓደኛዬ ካሴቱን አይቶ ጮቤ ረገጠ። ፊልሙን ይህ ለቅሶ ብቻውን ይሸከመዋል አለ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ራሱ አሳፈረኝ።
የጆሮ ማዳመጫ አደረግሁ። ከእትዬ ጥሩ ለቅሶ መሃል የራሴ ድምፅ አለ፣ በሹክሹክታ፦ «አያ ደሴ፣ እንዳይነሡ! ትንሽ ብቻ!» ከዚያ ምስሉ ላይ ጋቢውን አየሁ። የአያ ደሴን ፊት የሸፈነው ይንቀጠቀጣል። ዓይናቸው ላይ ከውስጥ በኩል ረጥቧል።
ጓደኛዬ ድምፅህን ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ ማንም አያውቅም አለ። እስቲ ላስብበት አልኩ። ምን ይታሰባል?

ጥር 19
አያ ደሴ ፎቶ ቤት መጡ። ሽማግሌ ልከው ነበር፤ እትዬ ጥሩ መለሷቸው። እኔ ሳለቅስ እሱ ጋቢ ውስጥ ይስቅብኝ ነበር ብለዋል አሉ። አያ ደሴ ይህን ነግረውኝ አልወቀሱኝም። አሟሟቴ አምሯል ወይ? ብለው ጠየቁኝ። አምሯል አልኩ። ሲሄዱ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ጥር 20፣ ከሰዓት
ነገ አስተርዮ ማርያም ናት። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፣ ሰው እንደተኳረፉ ያያቸዋል። ካሴቱን ማሳየት ዛሬ መሆን አለበት።
ወንዙን ተሻግሬ ከእትዬ ጥሩ ግቢ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ካሜራው ጭኔ ላይ፣ ካሴቱ ውስጡ። ለቅሷቸው ፊልሙ ውስጥ አይገባም፤ ለጓደኛዬ ደውዬ ነገርኩት፤ ተቆጣ። ካሴቱን ካዩት በኋላ ለእሳቸው ትቼው እሄዳለሁ።
የረጠበውን ጋቢ ብቻ ባሳያቸውስ? ሹክሹክታዬ እንዳይሰማ ድምፁን ዘግቼ? ይህንንም አሰብኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።
ውሻው ጮኸ። ወጡ። አወቁኝ።
ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼዋለሁ።