ለሰርግሽ ሌላ ዲጄ ከመቅጠርሽ በፊት

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢው፤ ቁጭ በዪ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ አንቺ ግን ወሬው ሊጥም ሲል "ቆይ መልሼ ልደውል" ትያለሽ። ደብዳቤ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም። ከቅዳሜ ጀምሮ ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኛል፣ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኩሽ አይገባሽም።

ባለፈው ሳምንት ለእማዬ ደውለሽ "ለሰርጌ ሙዚቃውንም ዲኮሩንም ሌላ ሰው ነው የሚሠራው" ስትያት እዚህ ቤት የሆነውን አላየሽም። እማዬ ስልኩን አስቀመጠችና የተተኮሰ መጋረጃ አውጥታ እንደገና ተኮሰች። አጣጠፈችው፣ ፈታችው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተኮሰችው። አባዬ "ተያት፣ ልጅ ካደገች ምርጫው የራሷ ነው" ብሎ የፈላስፋ ፊት ካሳየን በኋላ ዕቃ ቤት ገብቶ የተጠቀለለ ኬብል እየፈታ ሲጠቀልል ዋለ።

እራት ላይ ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። "ያንተ ጩኸት ነው ያሸሻት" አለችው። "ያንቺ ቡቱቶ ነው" አላት። መቼም ታውቂያቸዋለሽ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አብረው የሰው ሰርግ ሲያደምቁ እሷ የምትሰቅለውን መጋረጃ እሱ "ድምፄን የሚበላ ቡቱቶ" ይለዋል፣ እሱ የሚያቆመውን ስፒከር እሷ "የሬሳ ሣጥን" ትለዋለች። ይህ የቆየ ፍቅራቸው ነው። በዚህኛው ግን የምር ሆድና ጀርባ ሆኑ። አራት ቀን በእኔ በኩል ነው ያወሩት። "ለአባትሽ ምግብ ቀርቧል በይው።" "ለእናትሽ ሰምቻለሁ በያት።" በመሀላቸው ያለው ጠረጴዛ ሁለት ክንድ አይሞላም።

እኔ ደግሞ እውነቱን አውቃለሁ። ለእኔ ብቻ የላክሽልኝን መልእክት በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "በሰው ሰርግ ሁሉ እንደቆሙ ነው። በእኔ ሰርግ እንኳ ቁጭ ብለው ልያቸው። እንዳትነግሪያቸው፣ እንቢ ይላሉ።" ምስጢር ለእኔ መንገርሽን አደንቃለሁ፤ ድፍረት ይጠይቃል። ግን ጠበቅኩልሽ። እስከ ቅዳሜ።

ቅዳሜ የሠራንበት አዳራሽ አዲስ ነው። ሦስቱ ጎን መስታወት፣ አራተኛው ባዶ ግድግዳ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ደግሞ ቀጭኔ አንገቷን ሳትሰብር የምታልፍበት። ሙሽሪት "ግድግዳው ባዶ ይሁን፣ ቀለል ያለ ነው የምፈልገው" ስላለች የእማዬ ሥራ የሙሽሮቹ ጠረጴዛና የመግቢያው አበባ ብቻ ሆነ። አባዬ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። "ዛሬ ገና ድምፄ ሊተነፍስ ነው" አለ፤ ለእኔ የሚነግር መስሎ፣ እሷ እንድትሰማ ጮክ ብሎ።

ከዚያ የታወቀ ጸሎቱን ጀመረ። "ቼክ፣ ቼክ፣ አንድ ሁለት። አንድ ሁለት።" ሃያ ዓመት ቆጥሮ ሦስት ደርሶ አያውቅም። አዳራሹም "ሁለት፣ ሁለት፣ ለት" ብሎ መለሰለት።

"አባዬ፣ ያስተጋባል።"

"ሰው ሲገባ ይጠፋል፣ ፌንጣ። ሰው ድምፅ ይጠጣል።"

እውነቱን ነው፣ ይጠጣል። የዚያ ቀን ሰው ግን አልጠማውም መሰለኝ። እንግዳው ሞላ፣ ሙሽሮቹ ገቡ፣ የሙሽራው አጎት ማይክ ተቀበሉ። ሰውዬው ማይክ የሚይዙት እንደ አይስክሬም ነው፤ አንዴ ወደ አፋቸው፣ አንዴ ልብሳቸው ላይ እንዳይንጠባጠብ ራቅ አድርገው። ሩብ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። የገባኝ "ትዳር" የሚለው ብቻ ነው፤ እሱም አራት አራት ጊዜ ተመላልሶ ስለመጣ። አጠገቤ ሁለት እናቶች ነበሩ።

"ምን አሉ?"

"እኔ እንጃ። አጨብጭቢ።"

አባዬ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ ድምፁን ጨመረ። ጨው የበዛበት ሾርባ ላይ ጨው እንደመጨመር። አዳራሹ የለየለት የገደል ማሚቶ ሆነ። አንድ ሽማግሌ የጆሮ መስሚያቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፤ በዚያ ሰዓት ከሁላችንም ብልህ እሳቸው ነበሩ።

ከምግብ በኋላ የሚናገሩት የሙሽሪት እናት ነበሩ። ቀጭን ሴት ናቸው፤ ከሕመም ከተነሱ ወዲህ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ብዙም አይሻልም። እኔ ጋ መጥተው የታጠፈች ወረቀት አሳዩኝ።

"አንድ ገጽ ናት፣ የኔ ልጅ። ሦስት ወር ነው የጻፍኳት። ልጄ እዚያ ሆና ትሰማኝ ይሆን?"

"በደንብ ትሰማዎታለች" አልኩ። እታለም፣ እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም፤ ውሸቶቼን ደግሞ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ።

ሰው መብላት ጀምሯል፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ አለኝ። አዳራሹ መሀል ቆሜ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ። ከኋላው ባዶ ግድግዳ ጥፊ የመሰለ ድምፅ ተመለሰ። ደገምኩ፤ ጥፊውም ደገመ፣ የጠራሁት የመሰለው አስተናጋጅም መጣ። ያኔ በራልኝ። እማዬ መጋረጃ ባለበሰችው አዳራሽ እንዲህ ሆኖብን አያውቅም። አባዬ ሃያ ዓመት "ድምፄን በላው" እያለ ያማው መጋረጃ ሲበላ የኖረው ትርፉን ጩኸት ነው።

እማዬ ጋ በረርኩ።

"መኪናው ውስጥ ያለውን ወፍራም የከፋይ መጋረጃ የኋላው ግድግዳ ላይ እንስቀለው።"

"የኋላው? ፎቶ አንሺው እንኳ ወደዚያ አይዞርም።"

"ለዓይን አይደለም፣ ለጆሮ ነው። የአባዬን ድምፅ..."

"ለአባትሽ ድምፅ?" በእጇ የያዘችውን አበባ አስቀመጠች። "ቡቱቶዬን ለአባትሽ ድምፅ?"

"ለእሳቸው" አልኳትና የሙሽሪትን እናት አሳየኋት። ጥግ ይዘው ወረቀታቸውን በከንፈራቸው ይለማመዱ ነበር።

እማዬ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ተረከዛም ጫማዋን አወለቀች። መሰላል ልትወጣ ነው ማለት ነው።

ሰርግ መሀል መጋረጃ ሲሰቀል አይተሽ ታውቂያለሽ? ሁለት አስተናጋጆች መሰላሉን ያዙ፤ እኔ መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሬ ይዤ አንድ በአንድ አቀበልኩ። እንግዳው የፕሮግራሙ አካል መስሎት አጨበጨበ። አባዬ ላብ አጥምቆት እየሮጠ መጣ።

"አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ፊት ምን እየሠራሽ ነው?" አላት። ከአራት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው።

"ድምፅህን እያዳንኩ" አለችው ከላይ ሆና።

እነሱ ሲነታረኩ እኔ ሚክሰሩ ጋ ደረስኩ። ድምፁን በግማሽ ቀነስኩ፣ የሚያጉረመርመውን ቤዝ ቆረጥኩ፣ ለሙሽሪት እናት ማይኩን ሰጥቼ "አገጭዎ ላይ ያስደግፉትና እንደ ቤትዎ ያውሩ" አልኳቸው።

ወረቀታቸውን ዘረጉ። የወረቀቱ ኮሽታ ተሰማ። እታለም፣ ኮሽታው! ሁለት መቶ ሰው ሹካውን አስቀመጠ። "ልጄ" አሉ፤ "ሕፃን ሳለሽ ጨለማ ስትፈሪ መብራት አትጠይቂም ነበር፣ አውሪኝ ነበር የምትይኝ።" ቃል በቃል፣ እስከ መጨረሻው ወንበር ደረሰ። ሙሽሪት በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ልቤ ጮቤ ረገጠ፤ ጣቶቼ የሚክሰሩ ቁልፎች አጠገብ ነበሩ፣ ግን ምንም አልነካሁም።

አባዬን በዓይኔ ፈለግኩት። ከኋላ ቆሞ እንደ ጨርቅ ነጋዴ መጋረጃውን በሁለት ጣቱ ያሻል። እማዬ ከመሰላሉ ወረደች።

"ሌላ አለሽ?" አላት።

"ምን? ቡቱቶ?"

"እሱኑ።"

እማዬ ሳቋን ልትደብቅ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈለገች። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ዘፈን ሚክሰሩ የእኔ ነበር። አባዬ ሁለት ጊዜ መጥቶ እጁን ወደ ቁልፎቹ ዘረጋና መልሶ ኪሱ ከተተው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ምስጢርሽን አወጣሁት። ይቅርታ አልጠይቅም። ያፈርሽባቸው መስሏቸው ሲቆስሉ ከማይ አንቺ ብትቆጪኝ ይሻላል። መልእክትሽን እንዳለ አነበብኩላቸው። አባዬ መንገዱን ከታጠፈ ቆይቷል፤ ማጥፋት የረሳው ፍሬቻ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነው?" አለች እማዬ በመጨረሻ።

"ትበያለሻ፣ እንደ ሰው" አላት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ሚክሰሩ ላይ ማን ሊሆን?" አለ።

በመስታወቱ አየኝ። እማዬም ዞራ አየችኝ። በሕይወቴ ሁለቱ ተስማምተው ያዩኝ ሳህን ስሰብር ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልትቀጥሪው ያሰብሽውን ሰውዬ ይቅርብህ በዪው። መጋረጃውን እኔና እማዬ ከሰርግሽ በፊት ባለው ቀን ሰቅለን እንጨርሳለን፤ በዕለቱ እጇ ላይ ከቦርሳ በቀር ምንም አይኖርም። ወንበራቸውንም መርጫለሁ፦ ከፊት፣ ለአንቺ ፊታቸውን፣ ለእኔ ጀርባቸውን ሰጥተው። ከአባዬ ጎን ጠንከር ያለ ሚዜ አስቀምጪልኝ፤ ሊነሳ ሲል ትከሻውን የሚይዝ።

በዚያን ቀን ወደ እኔ አትዪ። ቀና ስትዪ ሁለቱን ተቀምጠው ታገኚያቸዋለሽ፤ እስኪበቃሽ እያቸው። ድምፁን ለእኔ ተዪው።

እሺታሽን የምትጠብቅ፣ በመኪና የኋላ ወንበር ላይ የተሾመች እህትሽ፣
ፌንጣ