ትንንሾቹና አምባዛው

ቴፒ፣ ኅዳር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለወይዘሮ ማናልሞሽ
ወልዲያ

ማናዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እማማን ሕመሙ ቀለል አላቸው ወይ? እኔ ከጣራው ማፍሰስና ከአንቺ አለመኖር በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም። ይህን የእጅ ጽሑፍ አይተሽ "የማን ነው?" እንዳትይ። የባልሽ የካሣዬ ነው። ሸምሱ እስክሪብቶውን ሸጠልኝ እንጂ አንዲት ፊደል አልጻፈልኝም። የማታ ትምህርት ከገባነው ውስጥ ፊደል ቀድሞ የጨረሰ እኔ ነኝ። መምህርታችን ትሁት "ጋሽ ካሣዬ፣ ፊደልዎ እንዴት ቀጥ ይላል!" ብትለኝ፣ "አናጢ መቼ መስመር ስቶ ያውቃል?" አልኳት።

ለምን እንደተማርኩ ልንገርሽ። ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር የሚነበበው ሸምሱ ሱቅ ደጃፍ ነበር። ስኳር ሊገዛ የመጣው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። አንዴ "የሰጋቱራህ ሽታ ናፈቀኝ" ብለሽ ብትጽፊ፣ ሰፈሩ "ሰጋቱራ" ብሎ ስም አወጣልኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማን እንደነገረሽ እንጃ፣ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤሽ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ሲደርስ ሸምሱ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ።

"ወዲህ በል ሰጋቱራ፣ ላንብብልህ!"

"ተወው፣ አንባቢ ቤቴ አለ።"

"ማን?"

"አቶ ካሣዬ የሚባሉ ሰው ናቸው።"

ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ለገና እንደምትመጪ ሳነብ ብቻዬን ጨፈርኩ። በማግስቱ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፣ ለሰፈሩም ሁሉ አወጅሁ።

አሁን ወደ ዓሦችሽ ልምጣ። እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል።

ከሄድሽ ጀምሮ እንዳልሽኝ ነው የያዝኳቸው። የወንዝ ውሃ በባልዲ አሳድሬ ግማሹን ብቻ እቀይርላቸዋለሁ። ምስጥ አድቅቄ፣ ከበርሜሉ የትንኝ እጭ አጥልዬ እሰጣቸዋለሁ። ከመስኮት መስታወት የሠራሁልሽ ሳጥን እስከ ዛሬ ጠብታ አላፈሰሰም፤ እንደኔ የሚሠራ ካለ ይምጣ። በክረምቱ ደግሞ ላስደንቅሽ ብዬ ትንሽ አምባዛ ዓሣ ከወንዝ ይዤ በሳፋ ለብቻው አኖርኩት። ወዲያው ስንዝር አለፈ። ትንንሾቹ ግን ምግብ እምቢ አሉ። ምስጡ ሳይነካ ይበሰብሳል፣ ውሃው ይሸታል። ይኸው ቢጨንቀኝ ነው በሸምሱ እጅ አስጽፌ "ከአምባዛው ጋር ባደርጋቸውስ?" ብዬ የጠየቅኩሽ።

አንቺም በዚሁ በመጨረሻው ደብዳቤሽ እንዲህ ብለሽ መለስሽ፦ "ትንንሾቹ ከአምባዛው ጋር ሲሆኑ ይበላሉ።"

ሚስቴ ዐዋቂ ናት አልኩ። ልጅስ ቢሆን ለብቻው ሲቀርብለት ይለግማል፣ እንግዳ ሲመጣ ይሻማ የለ? አንቺ ከሄድሽ እኔስ መች ጠግቤ አውቃለሁ? አምባዛውን አንስቼ ከእነሱ ጋር ጨመርኩት። "በሉ፣ ተጎራረሱ" ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት አምባዛው ሆዱ ተነፍቶ ከሥር ተጋድሟል። ያቺ ጎኗ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት፣ እጅሽን ስትነክሪ ወደ ጣትሽ የምትመጣው፣ የለችም። ሌሎቹም የሉም። አንዲት ብቻ ጅራቷ ተቀንጥሶ ከድንጋዩ ሥር ተወሽቃለች።

ደብዳቤሽን ይዤ ልከስሽ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ያቺን መስመር ብቻ ገልጬ፣ ሌላውን በመዳፌ ሸፍኜ፣ "ባለቤቴ አሳሳተችኝ" አልኳት ትሁትን።

አየችውና፣ "ጋሽ ካሣዬ፣ እርስዎ አላልተው አንብበውት ነው። ጠብቆ ነው የሚነበበው፤ አምባዛው ይበላቸዋል ማለታቸው ነው" አለችኝ።

"ታዲያ ማጥበቂያው የት ጋ ነው የተጻፈው?"

"አይጻፍም። አንባቢው ነው የሚያውቀው።"

ጎረቤታችን እታገኝ ከኋላ ወንበር፣ "ጉድ በሉ! ዕድሜ ልኩን ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ቃል ማጥበቅ አቃተው!" ብላ ክፍሉን አሳቀችው። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ይገርምሻል።

ሸምሱ አንብቦልኝ ቢሆን ኖሮ ዓሦችሽ በሕይወት ነበሩ። ይህን ለሸምሱ አልነገርኩትም።

አምባዛውን ወንዝ መለስኩት። ለቀረችው የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በጥፍሬ እየፈረፈርኩ እሰጣታለሁ። ትናንት ወጥታ ቀመሰች። እኔን ስታይ ግን ተመልሳ ትሸሸጋለች፤ አልፈርድባትም።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤሽን መግለጥ እፈራለሁ። መጨረሻው ላይ "የምመጣው ገና ነው" ይላል። ያን ዕለት አጥብቄ አነበብኩትና የልደት በዓል መስሎኝ ጨፈርኩ። አሁን ደግሞ ሳላላው ሌላ ነገር ይሆንብኛል። እማማን ለማስታመም ለአንድ ወር ብለሽ ነበር የሄድሽው፤ ይኸው ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ለዓሦቹ ማጥበቅ ሲገባኝ አላላሁ፤ እዚህስ ማላላት ሲገባኝ አጥብቄ ይሆን? ይህችን መስመር ለትሁት አላሳየኋትም። አንባቢው ነው የሚያውቀው ብላኛለች፤ አንባቢው ግን አላወቀም።

አደራሽን፣ መልሱን ያለዚያ ቃል ጻፊልኝ። "ለበዓሉ" በይ፤ ወይም ሌላውን ጻፊ። ብቻ ረዘም አድርጊው፤ ከእንግዲህ ደብዳቤሽ ሱቅ ደጃፍ አይነበብም።

እማማን አምላክ በቶሎ ከአልጋ ያንሳልን። ይህን የምመርቀው ለእሳቸው ብቻ ብዬ እንዳልሆነ አንቺ ታውቂኛለሽ። እመብርሃን ወጥቶ መግባትሽን ትጠብቅልኝ።

በገዛ እጁ የጻፈው
ባልሽ ካሣዬ