ከጉልበት በታች ስላረፈው ጠመኔ

ለተከበሩ የሰፈራችን ስፖርት አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ያ ሰሞኑን የሚያስቸግርዎ ጉልበት እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለሁት፣ የሱሪዎን ወገብ ሁለት ጊዜ የለቀቅኩልዎት ልብስ ሰፊ፣ ደህና ነኝ። «ብቻውን የመጣ ሰው መለማመድ አይፈቀድለትም» የሚለውን ማስታወቂያዎን በሩ ላይ ሳነብ፣ ብቸኝነታችን እንዲህ የሚያሳስበው አለቃ ስላለን ደስ ብሎኝ ይህችን ግልጽ ደብዳቤ ጻፍኩ።

አንደኛ፣ እንደሚያውቁት ቅዳሜ ከባለቤቴ ታላቅ እህት ጋር ያንን ኳስ በየተራ ከግድግዳ የሚላተምበትን ራኬትቦል እገጥማለሁ። ሰባት ጊዜ አሸንፋኛለች፤ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ሰባቱንም ከነነጥባቸው ትተርካቸዋለች። ስለዚህ ድራይቭ የሚሉትን የጨዋታ መክፈቻ ምት፣ ሰርቭ፣ ልልመድ ብዬ ተነሣሁ። ኳሷን አንዴ አንጥሮ በጉልበት ልክ መምታት ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ዝቅ ብላ ነክታ፣ በፍጥነት ተመልሳ ከኋላ ማዕዘን ላይ ትሞታለች። ይህ ደግሞ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ስፌት ነው፤ ሰው እያጫወቱ አይለመድም፣ ብቻን ሆኖ መቶ ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ግድግዳ ታበላሻለች ብለዋል አሉ። አልዋሽዎትም። ኳሷ ስትሾር ዓይኔ አልከተላት ስላለኝ፣ በልብስ ማስመሪያ ጠመኔዬ ወገቧን ዙሪያውን አሰመርኩባት፤ ጠመኔውም በነካችው ግድግዳ ላይ ታተመ። ያኔ ጉዴ ታየ። እጄን ከታች ወደ ላይ እያነሣሁ ስለምመታት፣ እየሾረች ትሄድና ግድግዳውን ስትነካ ሽቅብ ትወጣለች፤ ከኋላ ግድግዳም ተመልሳ ለባለቤቴ እህት በሰሃን እንደቀረበ ነገር ትደርሳታለች። የራኬቱን ፊት ቀጥ አድርጌ ስመታት ግን መስመሩ ረጋ፣ ኳሷም ዝቅ አለች። ይህን ያስተማረኝ እርስዎ የተቆጡበት ጠመኔ ነው።

ሦስተኛ፣ «ብቻዋን የምትጫወት የሁለት ሰው ሰዓት ትበላለች» ማለትዎን ሰምቼ፣ ደንብ ላክብር ብዬ ባለቤቴን ይዤ መጣሁ። እሱም ራኬቱን በብብቱ ሸጉጦ፣ ጋዜጣውን ዘርግቶ፣ «ጥግ ይሻለኛል» ብሎ የቆመው ሰርቬ በሚሄድበት ማዕዘን ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድም አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን ከአሥሩ ስድስቱ ቁርጭምጭሚቱን አገኙት። እንዲህ ያለ ዒላማ ስለመደቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ትናንት ጠዋት ግን እግሩን እያሸ፣ «ወይ እኔን ወይ እህቴን ምረጪ፣ ሁለታችንንም ባንዴ አትጨርሺን» አለኝና ከአልጋው አልወርድም አለ።

ቅዳሜ እየደረሰ ነው፤ አብሮኝ የሚገባ ሰው የለኝም። እባክዎ ሐሙስና ዓርብ ጠዋት ብቻዬን ልግባ። በባለቤቴ ቦታ ባዶ የክር ካርቶን አስቀምጣለሁ፤ ካርቶን አያኮርፍም።

ልብዎም እንደ ወገብዎ እንዲሰፋልን በመመኘት፣ መልስዎን በመርፌና ክር መካከል የምትጠብቅ፣ ከትሕትናዋ ብዛት አንገቷ የጎበጠ፣

ፊት ለፊትዎ ያለችው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ የእኔ ጠመኔ ያረፈው ከጉልበት በታች ስለሆነ ተንበርክኬ በእርጥብ ጨርቅ አጠፋዋለሁ። ከሰው ራስ በላይ ያሉት ጥቋቁር የኳስ ምልክቶች ግን ማክሰኞ ማክሰኞ በሩን ዘግተው ሰርቭ ሲለማመዱ፣ ያውም ብቻዎን፣ የተዉዋቸው ናቸው። መሰላል ከፈለጉ ሱቄ ጀርባ አለ።